የክፉዎቹ ጠበቃ

እትዬ አጸደ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሂሩት ናት። ጠዋት ዳቦ ከምድጃ እያወጣሁ ሳለ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የሥራ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። «ደረጀ፣ እትዬ አጸደ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሂሩት ነርስ ናት፤ ሞት አዲስ አይሆንባትም፤ እንደዚያ ስትንሰቀሰቅ ግን አይቻት አላውቅም። እኔም የዱቄት ጆንያው ላይ ዘጭ አልኩ። ዳቦው አረረ። ልጃቸው ከእስር ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት! እኔ በእግዜር ሥራ ገብቼ የምወቅስ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ዕለት ግን ወቅሼዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

የማያውቃቸው ሰው «ማን ነበሩ?» ቢለኝ «የክፉ ሰዎች ጠበቃ ነበሩ» ነው የምለው። መቼም እንዲህ ሲሉት ደስ አይልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ይህን ተረት የሚያዘወትሩትም እሳቸው ነበሩ።

እኔ ሲጀመር ፊልም የሚባል ነገር አልወድም። ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ እንባውን ሲያፈስ ይገርመኛል። ዳቦ ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን የሰቀልኩት ለገበያ ብዬ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ እሁድ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከቤቱ ንቅንቅ አይልም፤ ፊልም አለ ከተባለ ግን ይወጣል። ፊልሙን በፍላሽ የሚያመጣው ጂኦግራፊ የሚያስተምረው መምህር ግርማ ነው። ከጎኔ ያለው ጸጉር አስተካካይ ስንታየሁ ቤቱን ቆልፎ የፊተኛውን ወንበር ይይዛል። ሂሩት ተረኛ ካልሆነች አትቀርም። ሌላው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ቋሚዎች ናቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ሻይ ይታዘዝና ጭቅጭቁ ይጀመራል። አንዱ ተዋናዩን ያደንቃል፣ ሌላው መጨረሻውን ይረግማል፣ ግርማ ደግሞ «ይህ ተራራ እኮ እዚያ አገር የለም» እያለ ያደርቀናል። ጭቅጭቁ ከፊልሙ ይረዝማል፤ እኔም አልጠላሁት፤ ሻይ ያሸጣል።

እትዬ አጸደ መጀመሪያ የገቡት በረዶ አባሯቸው ነው። ነጠላቸውን አራግፈው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የዕለቱ ፊልም አንዲት እንጀራ እናት የባሏን ልጅ በብርድ ከቤት የምታስወጣበት ነበር። ሲያልቅ ቤቱ ተንጫጫ። ስንታየሁ እንደ ልማዱ ብድግ አለና እንዲህ ያለችዋን ሴት አደባባይ ላይ መስቀል ነው አለ። ስንታየሁ ሲናደድ መቀስ የያዘ ይመስል ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሁሉም ደገፈው። ይሄኔ ከበሩ በኩል አንድ ከፍ ያለ የሴት ድምፅ መጣ።

«ለሴትዮዋስ ማን ተናገረላት?»

ሁላችንም ዞር አልን። ስንታየሁ «ለየትኛዋ ሴትዮ?» አላቸው።

«ለተከሳሿ ነዋ። ክሱን ሰማሁ፣ ፍርዱንም ሰማሁ። መሃሉ የት ሄደ?»

ድምፃቸው ከፍ የሚለው ጆሯቸው ስለሚከብድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መሃል ክር ሲያጠነጥኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ትውልዳቸው አንኮበር ነው። አባታቸው በርስት ክርክር የታወቁ ተሟጋች ስለነበሩ ልጅ ሆነው ምሳ እያደረሱላቸው ሙግት ሲሰሙ ነው ያደጉት። በዚያ ችሎት ምንም ያህል የተጠላ ሰው ቢሆን የሚቆምለት ሳይቆምለት ዳኛው አይፈርድም ነበር አሉን። ይህን ብለው ተነሱ። መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና ለዚያች ለተረገመች እንጀራ እናት ቆሙላት።

መጀመሪያ ያሉት ነገር አይረሳኝም። አስወጥታዋለች፣ አልክድም፣ መካድ የፈሪ ሙግት ነው አሉ። ከዚያ ይጠይቁ ጀመር። ልጁን ያመጣው ቀን ባልየው አማክሯታል ወይ? እሷስ በዚያ ቤት ስንት ነገር ውጣ ኖራለች? እኛ ሴትዮዋን ያገኘናት ተቆጥታ ነው፤ የተቆጣችበትን ቀን ያየ አለ ወይ? «ፊልም ሁልጊዜ ከመሃል ነው የሚጀምረው» አሉን። ይህ ቃላቸው ኋላ እኛ ቤት ተረት ሆኖ ቀርቷል። በመጨረሻ ሽማግሌ ተባልንና ፈረድን፤ ተረቱ። «ፍርዱን ተቀብያለሁ» ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። በሳምንቱ ከሁላችን ቀድመው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ወጣ። ፊልሙ ላይ ባለው ክፉ ሰው አብዝቶ የተናደደው ከሳሽ ይሆናል፤ እሳቸው ጠበቃ ናቸው፤ የቀረነው ሽማግሌ። ከሳሹ ምንጊዜም ስንታየሁ ነው ማለት ይቻላል። እትዬ አጸደ ያልቆሙለት ዓይነት ሰው የለም፤ ሌባ፣ ከዳተኛ፣ ወንድሙን የሸጠ ነጋዴ፣ ጓደኛዋን ያስበላች ሴት። መልካሙ ሰው ግን አያስደስታቸውም። ፊልም ላይ ቅን ሰው ሲበዛ እንቅልፌ ይመጣል ይሉ ነበር፤ ደግሞም ያንቀላፉ ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው።

አንድ ቀን ሚስቱን የሚደበድብ ሰውዬ ያለበት ፊልም አየን። እትዬ አጸደ መቀነታቸውን ሲያጠብቁ ሂሩት ተቆጣች። እነዚያን ሴቶች ቁስላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ዛሬስ ባይቆሙለት አለቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ፣ ጠበቃ የሚቆመው ሰውየው እንዲለቀቅ ብቻ አይደለም አሏት፤ ያልሠራው እንዳይደረብበት ነው። ለዚህ ሰው የምጠይቀው እንዲታሰር ነው፣ ግን አውሬ ብላችሁ አትሰሩት፣ አውሬ ካላችሁት ጥፋቱ ቀለለለት፤ አውሬ ምን ያውቃል? ሰው ነህ ብላችሁ እሰሩት። እኔም ምድጃውን ሊያይ እንደሚሄድ ሰው ወደ ጓዳ ገባሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ሴትየዋ ነገሩን አጥንት ድረስ ነው የሚያስገቡት።

ብዙ ጊዜ ይረታሉ። ግን አንድ ነገር ልብ ያልነው ቆይተን ነው። በፊት ሁሉንም ስቀሉት ሲል የነበረው ስንታየሁ ቀስ በቀስ ይታሰር ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ካሳ ይካስ፣ አንዳንዴም ይመከር። ግርማ «ስንታየሁ፣ እየለዘብክ ነው» ብሎ ሲያሾፍበት ይበሳጫል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የተዋናዩ ነገር ነው። ክፉ ሰው ሆኖ መሥራት የሚያውቅበት አንድ ተዋናይ፣ ስሙን ልተወው፣ ከደሴ ሲመለስ መኪናው ተበላሽቶበት እኛ ቤት ሻይ ሊጠጣ ገባ። በዚያው ሳምንት እናቱን ከቤቷ አስወጥቶ ቤቱን የሚሸጥ ልጅ ሆኖ አይተነዋል። ስንታየሁ በሩ ላይ ጠበቀውና፣ እናትህን እንዲያ አድርገህ ስታበቃ እዚህ ዳቦ ልትበላ መጣህ ወይ አለው። ተዋናዩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ስንታየሁ አልሳቀም። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁና ነገር መጣ ብዬ ከባንኮኒው ወጣሁ። እትዬ አጸደ ግን ከተቀመጡበት ጠሩት። ና ልጄ፣ እሁድ ላንተ ቆሜ ተረትቻለሁ፣ ዛሬ ራስህ ስለመጣህ ራስህ ተናገር አሉት። ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሩ ሲገባው ኮቱን አስተካክሎ ተነሳና ስለዚያ ልጅ መናገር ጀመረ። ያን ልጅ ሆኖ ለመሥራት ሲል ልጁ ድሮ ምን እንዳጣ፣ ማንን እንደሚፈራ ለብቻው ሲያስብ እንደከረመ ነገረን። ስክሪፕቱ ላይ ይህ ሁሉ የለም አለ። እትዬ አጸደ ስንታየሁን ዘወር ብለው አዩት። ስንታየሁ ሻዩን ጋበዘውና መኪናው እስኪሠራም ጢሙን ላጨው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

አንድ እሁድ ግርማ ያመጣው ፊልም አብሮ አደጉን በዱላ መትቶ የገደለ ሰው ታሪክ ነበር። ሲያልቅ ስንታየሁ የድሮው ስንታየሁ ሆነ። ለዚህስ ሙግትም አያስፈልገው አለ፤ እናቱ እሱን ከምትወልድ ድንጋይ ወልዳ ቤት በሠራችበት አለ። ሁላችንም እትዬ አጸደ መቀነታቸውን እስኪያጠብቁ ጠበቅን። አልተነሱም። ተቀምጠው፣ ያ ከፍ የሚለው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣

«እናቱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሙግት የጀመሩ መስሎን ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን ሙግት እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ዕለት ሁሉንም ነገሩን። መጀመሪያ የጠሩት ስም የሟቹን ነው። ታደሰ ይባላል፤ የጫጫ ልጅ ነው፤ እኔ ቤት በልቶ ጠጥቶ ያደረ ልጅ ነው አሉ። ከዚያ ነው ልጄ ሃብታሙ ያሉት። ሁለቱ ጫጫ ላይ እህል የሚጭኑ የሚያወርዱ ጓደኛሞች ነበሩ። የበዓል ዕለት አረቄ ጠጥተው ነገር ተነሳ፣ ቃል ቃልን ወለደ፣ ሃብታሙ ዱላ አነሳ። ታደሰ ከወደቀበት አልተነሳም። ሃብታሙ ሮጦ አላመለጠም፤ እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበት።

«ልጄ ገድሏል» አሉ። «አልክድም።»

የሚያስጨንቃቸው እስሩ አልነበረም፤ መፈታቱ ነበር። ታደሰ ወንድሞች አሉት። ሃብታሙ ካለበት ማረሚያ ቤት ወደ ደብረ ብርሃን የሚያመጣው መንገድ ጫጫን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እርቅ ወርዶ ደሙ ካልደረቀ ወይ እዚያ ያስቀሩታል፣ ወይ አገር ጥሎ ይጠፋል። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ የታደሰ አባት አቶ በቀለ በር እንኳ አልከፈቱም። ልጄ በጫጫ በኩል አልፎ ቤቱ ሲገባ ካየሁ ሌላ አልፈልግም አሉ። ስንታየሁ አንገቱን ደፍቶ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም፣ እኛንስ ለምን አልላኩንም አላቸው። ጠበቃ ለገዛ ልጁ አይቆምም፣ አያምርበትም አሉት። ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

በማግሥቱ ስንታየሁ ምድጃዬ ድረስ መጣና እንሂድ አለኝ። እኔም ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ። ግርማን ይዘን፣ የእትዬ አጸደን የንስሐ አባት ለምነን ጫጫ ወረድን።

ለደም የተላከ ሽማግሌ ማለዳ ነው የሚደርሰው፤ ቃሉ እስኪሰማም አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። አጥሩ ሥር ቆመን እግራችን እስኪደነዝዝ ጠበቅን። አቶ በቀለ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ለገዳይ ልትለምኑ ከሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ አሉን። ቄሱ ስለ ይቅርታ መናገር ሲጀምሩ ሰውየው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት አመሩ። አለቀ አልኩ በልቤ። ያኔ ስንታየሁ ከመሃላችን ወጣ አለ።

«ጋሼ በቀለ፣ እኔ ለገዳዩ አልመጣሁም። እኔ ከሳሽ ነኝ። ታደሰን አላውቀውም፤ ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ቄሱ እግሩን ረገጡት። እኔ ይህ ሰው አበደ ወይ አልኩ። አቶ በቀለ እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቆሙ። ሲዞሩ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «ፍርድ ቤት የት ላይ እንደተመታ ጠየቁኝ። ሽማግሌ ምን ይካሱህ አለኝ። ልጄ ማን እንደነበር አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ከዚያ ተናገሩ። ታደሰ ፈረስ ሲያይ ነፍሱን ይስት እንደነበር፣ ጠዋት ካልጎተቱት እንደማይነሳ፣ ዘፈን አልሆን ብሎት እንኳ ሠርግ ቤት ካላወረድኩ እያለ ሰው ሲያስቅ እንደሚያመሽ፣ መጀመሪያ ባገኘው ገንዘብ ለእናቱ ጫማ ገዝቶ ቁጥሩ አልሆን እንዳላት፣ እሷም ጠቦኛል ላለማለት እያነከሰች ቤተ ክርስቲያን እንደሄደችበት። ወንድሞቹ አንድ በአንድ ወጥተው ግድግዳውን ተደገፉ። ታናሽየው ስለ ጫማው ሲሰማ ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነበት። ፀሐይ ወጣች፣ ውርጩ ሟሟ፣ እኛ እንደቆምን ነን። በመጨረሻ ሰውየው ራሳቸው፣ ሃብታሙ ይህን በር ሳያንኳኳ ነበር የሚገባው አሉ። ስሙን እኛ አላነሳንባቸውም።

ተቀመጡ አሉን። ተቀመጥን። እናትየው ምን ትላለች ብለው ጠየቁ። ስንታየሁ፣ ልጄ ገድሏል ነው የሚሉት፣ የታደሰንም ስም ከልጃቸው ስም አስቀድመው ይጠራሉ አላቸው። አቶ በቀለ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። አስብበታለሁ፣ ከልጆቼም ጋር እመክራለሁ አሉና ሸኙን።

ለእትዬ አጸደ ስንነግራቸው ምን አሏችሁ ብለው አልጀመሩም። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ታደሰ ምን እንደተባለ ነው። ስንታየሁን አስቀምጠው የፈረሱንም የጫማውንም አንድ ሳያስቀሩ አስወሩት። የጫማው ላይ ሲደርስ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። እናቲቱ ጠቦኛል አላለችም፣ አይ እናት አሉ። እኚህ ሴት ልጃቸው አገር ጥሎ ሊጠፋባቸው ተቃርቦ፣ የሚያለቅሱት ለሌላዋ እናት ነው። እኔ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም፤ የማይም አይመስለኝም።

ከጫጫ ግን ወሬ ጠፋ። መልእክት ብንልክ መልስ የለም። ወሩ ሲገፋ እትዬ አጸደ ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሆስፒታል ሲገቡ እሁድ እሁድ እኛ አልጋቸው ድረስ እየሄድን ያየነውን ፊልም እንነግራቸዋለን። አንድ ጊዜ ትራሱን ተደግፈው ለአንድ ውሸታም ባል ሊቆሙ ሲሞክሩ ሳላቸው አላስጨርስ አላቸው። ስንታየሁ ክሴን ትቼዋለሁ አላቸው። አትተው፣ ከሳሽ ከሌለ እኔ ምን እሠራለሁ አሉት። ሲመሽ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጫጫ የመጣ አለ ወይ? የለም። እንዲህ እንደጠየቁ ነው ያረፉት። አንጀቴን የበላው ሞታቸው ብቻ አይደለም፤ መልሱን ሳይሰሙ መሄዳቸው ነው።

ቀበርናቸው። ስንታየሁ በሚኒባስ ሾፌር በኩል ለአቶ በቀለ መርዶውን ላከ፤ ማወቅ ይገባቸዋል ብሎ። ድንኳኑ ሳይነሳ ሃብታሙ የሚፈታበት ቀን ደረሰ። እናቱ ማረፋቸውን አልሰማም። ወንዶቹ ድንኳኑ ጥግ ተሰብስበን መከርን። ግርማ በስልኩ ካርታ አወጣና ጫጫን የማይነካ መንገድ ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔና ስንታየሁ ሄደን በመሃላችን አስቀምጠን እናምጣው ተባባልን። ጋቢዬን ለብሼ ስወጣ ከጫጫ አቅጣጫ የመጣ ሚኒባስ ድንኳኑ ፊት ቆመ።

መጀመሪያ የወረዱት አቶ በቀለ ናቸው። ማለዳ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመው የጠበቁት ለካ እሳቸው ኖረዋል። መርዶውንም በመንገድ የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ጫጫንም ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው ያለፉት። ሃብታሙ ከኋላቸው ወረደ። የከሳ፣ ፂሙ ያደገ ሰው። ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቆሙ። ሃብታሙ ወደ ውስጥ አላየም፤ አቶ በቀለን ነው የሚያየው፤ እንባውን እንደ ሌባ ይውጠዋል። በኚህ ሰው ፊት ለራሱ ሟች ማልቀስ የሚገባው አልመሰለውም።

አቶ በቀለ እጃቸውን ጀርባው ላይ አደረጉ።

«ግባ» አሉት። «እናትህ ናት፤ አልቅስላት።»